«ብርድ ነው» ሲባል የሚከርም ሕመም፦ ስለ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ተረቱና እውነታው

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በአገራችን ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ለሕመሙ ብዙ ስም ይወጣለታል። ጎረቤት «ብርድ መትቶህ ነው» ይላል። ልጆቹ «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። መድኃኒት ቤት ጎራ ሲል «ብሮንካይት ነው» ተብሎ አሞክሳሲሊን ይዞ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደግሞ አክታው ይመረመርና «ቲቢ የለብህም» ሲባል እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሳሉም አብሮት ይሄዳል።

ሐኪሞች በአጭሩ «ሲኦፒዲ» የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰዎችን መግደሉን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከሞተው ሰው 5 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። 70 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሽታው አየር ወደ ሳንባ የሚገባባቸውን ቧንቧዎች እያጠበበ፣ በጫፋቸው ያሉትን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችም እያፈረሰ ይሄዳል። የፈረሰው ከረጢት ተመልሶ አይሠራም። በጊዜ ከተደረሰበት ግን የቀረውን ማትረፍ ይቻላል። ለሕመሙ የተሳሳተ ስም ሰጥቶ ዓመታት ማሳለፍ ዋጋ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው። በየቤቱ፣ በየታክሲውና በየመድኃኒት ቤቱ ከምንሰማቸው አባባሎች አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

1. «የአጫሾች በሽታ ነው፤ እኔ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም»

ሲጋራ የሳንባ ቀንደኛ ጠላት ለመሆኑ ክርክር የለም። በበለጸጉት አገሮች ከሲኦፒዲ ሕሙማን ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያሳመማቸው እሱ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የሲጋራ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሴቶቹ መካከል ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ታዲያ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናቶች ዳገት መውጣት ለምን ያቅታቸዋል?

መልሱ ያለው ኩሽና ውስጥ ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ያስቡ። ምጣዱ ጉልቻ ላይ ተጥዷል፤ ከሥሩ ጭራሮ፣ ኩበትና የባህር ዛፍ ቅጠል ይማገዳል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ እሳቱ ይተኛል፤ ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ የሚነሣውንም ጭስ መልሳ ትስበዋለች። ማሰሻውን አንስታ ምጣዱን ስታሰማምር፣ ሊጡን ስታዞር፣ አክንባሎውን ስትከድንና ስትከፍት ፊቷ ከእሳቱ አይርቅም። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ታዝሎ ከሆነ እሱም ያንኑ አየር ይተነፍሳል። ይህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ከልጅነት እስከ እርጅና ይደጋገማል። በዚያ ላይ የየዕለቱ ወጥና ቡና አለ።

ከጭሱ ውስጥ በጣም አደገኞቹ የማይታዩት ናቸው። ከራስ ጸጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንሱት ብናኞች አፍንጫም ጉሮሮም ሳያስቀራቸው እስከ አየር ከረጢቶቹ ድረስ ይዘልቃሉ። ከአሥር የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘጠኙ ያህል የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ማገዶ ስለሆነ፣ ይህ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም።

ጭሱን መቀነስ ለውጥ እንደሚያመጣ ከቻይና የተገኘ ማስረጃ አለ። በዩናን ግዛት በሹዋንዌይ አውራጃ ገበሬዎች ቤታቸው ውስጥ ጭስ የሚበዛበት የድንጋይ ከሰል ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ ያነድዱ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በገባባቸው ቤቶች የሲኦፒዲ በሽታ በግልጽ ቀንሷል። ለውጡ ጎልቶ የታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የሚተከል ጭስ ማውጫ ጥቅሙ የሚቆጠረው ለነገ ነው።

መብራት ያለው ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር ከሁሉም ይሻላል። መብራት ከሌለ ደግሞ ጭስ ማውጫ ማበጀት፣ እንጨቱን አስቀድሞ ማድረቅ፣ ኩሽናውን ከመኝታ ቤት መለየት፣ በርና መስኮት ከፍቶ መጋገር፣ ሕፃኑን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መግባት ሁሉም ጥቅም አላቸው። «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ማገዶ በመቆጠብም ጭስ በመቀነስም ከጉልቻ ይሻላል። ይሁንና ጭሱን ጨርሶ ስለማያጠፋው መስኮቱን አያስረሳም።

2. «ከሰል ጭስ ስለሌለው አይጎዳም»

ከሰል ሲቀጣጠል ያጨሳል፤ ከጋመ በኋላ ግን ዓይን ስለማያስለቅስ ንጹሕ ይመስላል። ንጹሕ አይደለም። ከፍም ከሚወጣው አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ሰው በእንቅልፉ እያለ ይገድላል። በየክረምቱ ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው ተኝተው በዚያው ስለቀሩ ሰዎች መስማታችን የዚህ ውጤት ነው። ደቃቅ ብናኝም ከከሰል ይወጣል። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ ሲገባም መስኮት ይከፈት፤ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም አይደር።

ስለ ዕጣን የሚጠይቁም አሉ። ጤናማ ሰው ለቡና በሚጨሰው ጥቂት ዕጣን ብቻ ሲኦፒዲ ይይዘዋል አይባልም። ሳንባው የታመመ ሰው ግን በዕጣንም በወይራ ጭስም ሕመሙ ሊቀሰቀስበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት ቡናው ያለ ዕጣን ቢፈላ ክብሩ አይጎድልም።

3. «ዕድሜ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ያስለዋል፣ ይደክመዋል»

ሳንባ ከዕድሜ ጋር ጥቂት አቅም ማጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጤናማ ሳንባ ያለው የስልሳ ዓመት ሰው በሜዳ እየሄደ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ አይቀርም፣ ልብስ ሲለብስ አያለከልክም፣ በየማለዳው አክታ አይተፋም። እነዚህ ምልክቶች በሽታ እንጂ ዕድሜ አይደሉም።

በሽታው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ያጠብለታል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመሄድ አቋራጩን ዳገት ትቶ ዙሪያውን መሄድ ይጀምራል። ገበያውን ለልጆቹ ይተዋል። ጀሪካን ማንሣት ያቆማል። ስለዚህ «ያምሃል ወይ?» ሲባል «ደህና ነኝ» ይላል። ቤተሰብ መጠየቅ ያለበት «ባለፈው ዓመት ትሠራው የነበረ፣ ዘንድሮ የተውከው ነገር አለ?» ብሎ ነው።

የበሽታው መነሻም ከሽበት በጣም የራቀ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ለሲኦፒዲ ከተዳረጉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ገና ከወጣትነታቸው የሳንባቸው አቅም ሙሉ ደረጃ ላይ ያልደረሰ ነበሩ። በልጅነት የሚደጋገም የሳንባ ምች፣ ቀንሶ መወለድና ጭስ በሞላበት ቤት ማደግ ሳንባ በሙሉ አቅሙ እንዳያድግ ያደርጋሉ።

4. «ትንፋሽ ካጠረ አስም ነው»

አስምና ሲኦፒዲ በምልክት ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ደረት ሲር ሲር ይላል፣ ሁለቱም ያስላሉ። አካሄዳቸው ግን ይለያያል። አስም ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሐሉ ሰውየው ፍጹም ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሲኦፒዲ አብዛኛውን ጊዜ ከአርባ ዓመት በኋላ ይታያል፤ ሙሉ በሙሉ የሚለቅበት ቀን የለም፣ ከዓመት ዓመትም ይብሳል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት ጊዜም አለ። የልብ ድካምም ሌሊት ትንፋሽ እያሳጠረ ከእንቅልፍ ያነቃል። ደም ማነስም ዳገት ላይ ያስለከልካል።

መለያው ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ታካሚው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ አየር እስከ ቻለው ድረስ ይስብና ከመሣሪያው ጋር በተያያዘ ቱቦ ውስጥ በሙሉ ኃይሉ ይተነፍሳል። ባለሙያዋ «ንፉ! ንፉ! ንፉ! አሁንም አለ፣ አያቁሙ!» እያለች ከስድስት ሰከንድ በላይ ታስጨርሰዋለች። ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ተሰጥቶት ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይነፋል። ጤናማ ሰው በሳንባው ከያዘው አየር አብዛኛውን በመጀመሪያው ሰከንድ ያወጣዋል። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ቧንቧው በዘላቂነት ጠቧል ማለት ነው። መርፌ የለውም፣ ደም አይቀዳም።

ችግሩ መሣሪያው የሚገኝበት ቦታ ጥቂት፣ የሳንባ ስፔሻሊስትም ብርቅ መሆኑ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ቢሆንም ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለውና ቲቢ የሌለበት ሰው «ስፓይሮሜትሪ የሚሠራበት ቦታ ይላኩኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

5. «ራጅ ተነስቼ ንጹሕ ነው ተባልኩ»

ራጅ የሚያሳየው የሳንባን መልክ ነው፤ የቧንቧ ፎቶ ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ እንደማይነግር ሁሉ፣ ራጅም አየሩ በምን ፍጥነት እንደሚገባና እንደሚወጣ አይናገርም። ቲቢን፣ የሳንባ ምችን፣ ዕጢን፣ የልብ መተለቅን ለመፈለግ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሲኦፒዲ ግን፣ በተለይ ሲጀምር፣ በራጅ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ንጹሕ ራጅ ጥሩ ዜና ነው፤ የመጨረሻ መልስ ግን አይደለም።

6. «የቆየ ሳል ሁሉ ቲቢ ነው፤ ቲቢ ከዳነ ደግሞ ነገሩ አለቀ»

ሁለት ስሕተት በአንድ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሳል ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መለያ ምርመራ ማስመርመር ትክክለኛው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ቲቢ የለም ሲባል ግን ምርመራው ገና መጀመሩ ነው። ሲኦፒዲም አስምም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ሳለ ተብሎ ሲኒው የሚለይበት፣ ከማዕድ የሚገለል ሰው ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

በሌላ በኩል የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ ከቲቢ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ባክቴሪያው ሞቶ እንኳ ቧንቧው ሊጠብ፣ አክታ ሊጠራቀም ይችላል። «ድነሃል» ከተባለ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚያስለው ሰው ቲቢው የግድ ተመልሶበት ነው ማለት አይደለም። ተመርምሮ ቲቢ ከሌለ፣ ቲቢው ትቶት ለሄደው ጉዳት ሕክምና ያስፈልገዋል። ያለ ምርመራ የቲቢ መድኃኒት እንደገና ማስጀመር ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

7. «ብርድ ነው፤ መስኮቱን ዝጉት!»

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ከኋላ የሚነሣውን ተቃውሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀዝቃዛ አየር አስም ወይም ሲኦፒዲ ያለበትን ሰው ቧንቧ ሊያኮማትር፣ ሳልም ሊቀሰቅስ መቻሉ እውነት ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታን የሚያመጣው ግን ንፋስ አይደለም። የታፈገ መኪናና ክፍል ለቲቢ፣ ለጉንፋንና ለኮሮና ቫይረስ ምቹ ነው፤ የታፈነ ኩሽና ደግሞ ጭሱን ያጠራቅማል። ሳንባ የሚፈልገው ተንቀሳቃሽ አየር ነው። ብርድ የሚፈራ ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላ ወይም በሻሽ ይሸፍን፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

«ብርድ» የተባለን ሕመም በባህር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት መታጠን የተዘጋ አፍንጫን ለጊዜው ያቀልላል፤ የጠበበን ቧንቧ ግን አያሰፋም፤ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት የሚቃጠል ልጅም አለ። ማር የጉንፋን ሳልን በማለስለስ ይረዳል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። ፌጦውም ዝንጅብሉም ሕክምናውን እስካላዘገዩ ድረስ ማንም አይከለክላቸውም።

8. «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት»

ልጅ ሳል ሲበዛበት፣ አልጠባም አልበላም ሲል እንጥሉን የማስቆረጥ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። እንጥል የጉሮሮ ጤናማ አካል ነው፤ ሳል የሚያመጣው እሱ አይደለም። ቆራጩ በምላጭ ወይም በጠመዝማዛ ሽቦ ሲቆርጠው ግን ደም አልቆም ብሎ ልጁ ሊሞት ይችላል፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ቴታነስና ኤችአይቪም ሊገቡ ይችላሉ። ልጁ ያሳለው በሳንባ ምች፣ በአስም ወይም በቲቢ ከሆነ ደግሞ ሕክምና ሊያገኝ የሚችልበት ጊዜ በዚህ ያልፋል። እያሳለ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ልጅ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

9. «ወተት ጠጣበት፤ አቧራውን ያጥባል»

ቀለም ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ሲሚንቶ፣ ኬሚካል ወይም ጥጥ ባለበት የሚሠራ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ለሠራተኛ ወተት የሚያድሉ ድርጅቶችም አሉ። ወተት መልካም ምግብ ነው። የሚሄደው ግን ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባ ደግሞ የራሱ ቧንቧ አለው። አንዲት ጠብታ ወተት ወደ ሳንባ ብትገባ እንኳ የምታመጣው ትንታ ነው።

ወተቱ አደጋ የሚሆነው መከላከያውን ሲተካ ነው። ወተት የሰጠ አሠሪ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፤ የጠጣውም ሠራተኛ ተጠብቄያለሁ ብሎ ያምናል። ድንጋይ የሚፈልጥና የሚፈጭ ሰው የሚተነፍሰው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ያጠብሳል፤ ለቲቢም ያጋልጣል። ጥጥ በሚፈተልበትና በሚሸመንበት ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎችን የሚይዘው ሕመም ደግሞ ልዩ ምልክት አለው፤ ከዕረፍት ቀን በኋላ ሥራ በሚጀመርበት ዕለት ደረት ጭብጥ አድርጎ ይይዝና በሳምንቱ ውስጥ ይለቃል። እየቆየ ግን የማይለቅ ይሆናል።

መፍትሔው አቧራውን ከምንጩ መቀነስ ነው፤ ድንጋዩን እያረጠቡ መቁረጥ፣ አየር መሳቢያ ማራገቢያ መግጠም፣ ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ መወልወል። ለብናኝ የተሠራና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭንብል ከዚህ በኋላ ይመጣል። አፍ ላይ የታሰረ ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም።

10. «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፤ መርፌ ይሻላል»

ብዙ ሕሙማን በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት የሚሸሹት «አንዴ ከጀመርከው አትላቀቀውም» ተብለው ነው። ሱስ አያስይዝም። ሰው የሚደጋግመው በሽታው ስላልለቀቀው ነው። በፓፍ የሚወሰድ መድኃኒት መጠኑ ጥቂት ነው፤ በቀጥታ ቧንቧው ላይ ስለሚያርፍ ቶሎ ይሠራል፤ በሌላው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ያነሰ ነው። የሚያሰጋው በየጊዜው የሚደጋገመው የስቴሮይድ መርፌና ክኒን ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። በከባድ ሕመም ጊዜ ሐኪም ለጥቂት ቀን የሚያዝዘው ግን ተገቢ ነው።

ፓፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሳልቡታሞል፣ ብዙዎች ቬንቶሊን የሚሉት፣ ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ የሚከፍት ማስታገሻ ነው። እንደ ቤክሎሜታዞን ያሉት ስቴሮይዶች ደግሞ በየቀኑ የሚወሰዱ መከላከያዎች ናቸው፤ ትንፋሽ በተያዘበት ሰዓት ቢነፉ ወዲያው አያስታግሱም። አስም ያለበት ሰው ማስታገሻውን ብቻ እየነፋ መኖሩ አደገኛ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር የላከውን ፓፍ ከመጀመር በፊትም ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳይቶ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከመድኃኒቱ እኩል አነፋፉም ወሳኝ ነው። ቆርቆሮውን በደንብ ይነቅንቁት። በመጀመሪያ ያለዎትን አየር ወደ ውጭ ያውጡ። አፍዎን በመንፊያው ላይ ገጥመው በዝግታ መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑት፤ ሳንባዎ እስኪሞላ መሳቡን ይቀጥሉ፤ እስከ አሥር ሰከንድ ትንፋሽዎን ይያዙ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ አፍዎን ተጉመጥሙጠው ይትፉ። አንድ እርምጃ ከተሳሳተ መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ያኔ ሰው «ይህ ነገር አይሠራም» ብሎ ይተወዋል።

መሳቡና መጫኑ አልገጥም ለሚለው ሰው፣ በተለይ ለልጅና ለአረጋዊ፣ ስፔሰር የሚባል መያዣ አለ። ውድ ሆኖ ካስቸገረ የግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ሊተካው ይችላል። ታጥቦ የደረቀውን ጠርሙስ ቂጡ ላይ የፓፉን አፍ ልክ አድርጎ መብሳት፣ ፓፉን አስገብቶ አየር እንዳያስወጣ ዙሪያውን ማሸግ፣ ከዚያ በጠርሙሱ አፍ በኩል በዝግታ መተንፈስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት መጽሔት የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ጥናት እንዳሳየው እንዲህ የተሠራ ጠርሙስ አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ከተገዛው ስፔሰር ያልተናነሰ ሠርቷል። የመጀመሪያውን ግን ጤና ባለሙያ እያየ ይሥሩት።

11. «ሺሻን ውሃው ያጣራዋል፤ ሲጋራን ደግሞ አሁን ባቆም ምን ሊፈይድልኝ?»

ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። እንዲያውም ስለቀዘቀዘ ሰው በረጅሙ ይስበዋል። አንድ ሰዓት በፈጀ የሺሻ ቆይታ የሚሳበው የጭስ መጠን አንድ ሲጋራ ከሚያወጣው ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ይገባል።

ማቆምን በተመለከተ፣ እንግሊዛውያኑ ፍሌቸርና ፔቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ መሠረት ነው። የሚያጨስ ሰው ሳንባ ለጭስ ስስ ከሆነ አቅሙ ከሌላው ሰው በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል። ማጨስ ሲያቆም የጠፋው አይመለስም፤ የመውረዱ ፍጥነት ግን ወደማያጨስ ሰው ፍጥነት ይመለሳል። በሃምሳ ዓመቱ ያቆመ ሰው በስልሳዎቹ ራሱን ችሎ የመንቀሳቀስ ዕድሉን ያተርፋል ማለት ነው። ለሌላውም ያስፈልጋል፤ በቤት ውስጥ የሚጨስ ሲጋራ ሚስትንም ልጅንም ያጨሳል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው የቤት ውስጥ ቦታዎች ማጨስ ተከልክሏል። ሳሎኑን ነፃ ማውጣት የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው።

12. «ሳንባው ታሟል፤ ከአልጋ አይነሣ»

ቤተሰብ በፍቅር የሚያደርገው ይህ እንክብካቤ ሕመምተኛውን ያዳክመዋል። ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል፤ የመነመነ ጡንቻ ለጥቂት ሥራ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ትንፋሹም ከበፊቱ ቶሎ ያጥራል። በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴ የሲኦፒዲ ሕሙማንን ትንፋሽ ማጠርና ድካም እንደሚቀንስ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። እቤት የሚጀመረው በጠፍጣፋ መንገድ በየቀኑ ጥቂት በመራመድ ነው፤ ሲደክም ቆም ማለት፣ ሲሻል መቀጠል። ትንፋሽ ሲያጥር በአፍንጫ ስቦ፣ ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ ከሳቡት ጊዜ እጥፍ በሚሆን ጊዜ ቀስ ብሎ ማውጣት የታፈነውን አየር ያስወጣል።

ኦክስጅንም የራሱ መመሪያ አለው። «ትንፋሽ ካጠረው ሲሊንደር ይከራይለት» የሚለው ለሁሉም አይሠራም። የሚያስፈልገው በምርመራ የደሙ ኦክስጅን በጣም ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ሲኦፒዲ ላለበት ሰው ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ራሱ ሊጎዳ ስለሚችል መጠኑን ሐኪም ይወስናል።

መቼ ይሂዱ፣ ምን ይጠይቁ?

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ አክታ በየማለዳው ከመጣ፣ ደረት ሲር ሲር ካለ፣ ወይም እኩዮችዎ የሚወጡት ዳገት እርስዎን ካስቆመዎት ቀጠሮ አያርዝሙ። አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ሌሊት ሌሊት ላብ ካጠመቀዎት በዚያው ሳምንት ይሂዱ። ከንፈርና ጥፍር ከጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጡ መናገር ካቃተዎት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ግን ድንገተኛ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አይደር።

ሲሄዱ ለሐኪሙ የሚነግሩትን ያዘጋጁ፦ በምን ሲያበስሉ እንደኖሩ፣ በምን ሥራ ላይ ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ቲቢ ታመው ያውቁ እንደሆነ፣ በቤት የሚያጨስ ሰው መኖር አለመኖሩን። ብዙ ጊዜ ሐኪም የሚጠይቀው «ያጨሳሉ?» ብሎ ብቻ ስለሆነ፣ ኩሽናውን እርስዎ ያንሡት። ፓፍ ከታዘዘልዎ አነፋፉን በሐኪሙ ፊት አሳይተው ያሳርሙ። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት በአካባቢዎ ይገኝ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ለሳንባ ሕመምተኛ ቀላል ጉንፋን ሆስፒታል የሚያስተኛ ሊሆን ይችላል።

በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ የኖቬምበር ሦስተኛ ረቡዕ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የዓለም የሲኦፒዲ ቀን ይታሰባል። ቀኑን ለማሰብ መድረክና ባነር የግድ አይደለም። በየቤታችን ለዓመታት ያሳላት እናት፣ አክስት ወይም አባት አሉ። ጋቢ ከመደረብና ፌጦ ከማጠጣት አልፈን፣ አንድ ጠዋት አብረናቸው ተነሥተን ትንፋሻቸውን እናስለካ።